በጎ ምግባርና እኩይ ምግባር በምዕራባውያን ፍልስፍና፤ ለግብረ ገብ ትምህርት ያላቸው ትርጉም

በጎ ምግባር በትምህርት የሚገኝ ነውን? ወይስ በልምምድ? ወይስ ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ ጠባይ ነው? ሜኖን የተባለ ወጣት ይህን ጥያቄ ለሶቅራጥስ እንዳቀረበለት ፕላቶ ጽፏል። ጥያቄው ከተጻፈ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቢያልፈውም፣ የግብረ ገብ ትምህርት የሚያዘጋጅና የሚያስተምር ሰው ሁሉ ዛሬም ሊመልሰው ይገደዳል። በኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት፣ ግብረ ገብ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ተመልሷል። በመሆኑም የሜኖን ጥያቄ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በክፍለ ጊዜና በፈተና መልክ መልስ ይጠበቅበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የምዕራባውያን ፈላስፎች ስለ በጎና ስለ እኩይ ምግባር ያቀረቧቸውን ዋና ዋና ሐሳቦች ባጭሩ መመርመር፤ ሁለተኛ፣ ይህ ሐሳብ በጽሑፍና በትምህርት ቤት በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን መልክ መመዘን፤ ሦስተኛ፣ የፈላስፎቹን ሐሳብ በሰሜን ሸዋ በአረርቲ አካባቢ ከሚታወቀው የሥራና የገበያ ልማድ ጋር አገናዝቦ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሆን ፍሬ ነገር ማውጣት ነው።

1. ቃላቱ የሚመሰክሩት

«ምግባር» የሚለው ቃል «ገብረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ግብር፣ ተግባር፣ ምግባር ሁሉም የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። ስለዚህ በቃሉ አመጣጥ መሠረት ምግባር የሚታሰብ ወይም የሚነገር ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ነገር ነው። በግሪክኛም የምግባር ጥናት የሚጠራበት ስም ልማድ ከሚለው ቃል ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ አሪስቶትልም ይህን ዝምድና ራሱ ጠቅሶታል።

ይሁን እንጂ ቃላት መልካሙን ብቻ አይደለም የሚያቆዩት። ሮማውያን በጎ ምግባርን የጠሩበት ቃል «ወንድ» ከሚለው ስም የወጣ በመሆኑ፣ ምግባርን ለወንድ ብቻ የተሰጠ የሚያስመስል አሻራ ነበረው። በአማርኛም «ጨዋ» ማለት ምግባረ መልካም ማለት ብቻ ሳይሆን የደህና ሰው ልጅ ማለትም ነበር፤ «ባለጌ» ደግሞ ክፉ አድራጊን ብቻ ሳይሆን ከዝቅተኛ ወገን የተወለደውን ሰው ለመናቅ ያገለግል ነበር። መምህሩ እነዚህን ቃላት በክፍል ውስጥ ሲጠቀም ምግባርን ከትውልድ ለይቶ ማስረዳት እንዳለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

2. የምዕራባውያን ሐሳብ ዋና ዋና መስመሮች

ሶቅራጥስ በጎ ምግባር ዕውቀት ነው የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ ይዟል። በእርሱ አስተያየት ሰው ክፉ የሚሠራው መልካሙን ባለማወቁ ነው። ፕላቶ በበኩሉ ጥበብን፣ ጀግንነትን፣ ራስን መግዛትንና ፍትሕን ዋና ዋና የምግባር ዓምዶች አድርጎ አቀረበ። ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እምነትን፣ ተስፋንና ፍቅርን በእነዚህ ላይ በመጨመር የግሪክን ፍልስፍና ከክርስትና ትምህርት ጋር አያያዘ።

ለትምህርት ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን የአሪስቶትል ትምህርት ነው። አሪስቶትል ሰው ቤት በመሥራት ግንበኛ፣ በገና በመምታት በገና ደርዳሪ እንደሚሆን ሁሉ፣ የፍትሕ ሥራ በመሥራት ፍትሐዊ፣ የጀግንነት ሥራ በመሥራት ጀግና ይሆናል ይላል። እኩይ ምግባርም የሚበቅለው በዚሁ መንገድ ነው፤ በመጥፎ የሚሠራ ግንበኛ እየዋለ እያደረ መጥፎ ግንበኛ ይሆናል። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የሚለው የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር የዚህን ሐሳብ ግማሽ ይዟል።

በተጨማሪም አሪስቶትል በጎ ምግባር በሁለት እኩይ ምግባሮች መካከል የሚገኝ ሚዛን ነው ብሏል። ጀግንነት በፍርሃትና በድፍረት ጥጋብ መካከል፣ ለጋስነት በንፉግነትና በአባካኝነት መካከል ይገኛል። ይህ ግን ለሁሉም ነገር መካከለኛ መጠን አለው ማለት አይደለም፤ እንደ ስርቆትና እንደ ነፍስ ግድያ ያሉ ሥራዎች ጥቂትም ሆኑ ብዙ ክፉዎች መሆናቸውን እርሱ ራሱ ለይቶ አስቀምጧል። ትክክለኛውን መጠን በየሁኔታው የሚያገኘው ደግሞ በልምድ የበሰለ ማስተዋል ነው። ትምህርቱን ሰምተው የማይሠሩትን አሪስቶትል ሐኪሙ የሚለውን በጥሞና ሰምተው ያዘዘውን ከማይፈጽሙ በሽተኞች ጋር አመሳስሏቸዋል።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዴቪድ ሂዩም የተፈጥሮ የሆኑትን በጎ ምግባሮች ሰዎች ለጋራ ኑሯቸው ካቋቋሟቸው ለይቶ አሳየ። ርኅራኄ ከመጀመሪያዎቹ ሲሆን ቃል መጠበቅና የሰውን ንብረት ማክበር ከሁለተኞቹ ናቸው። ኢማኑኤል ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ሥራው፣ የአንድ ድርጊት የምግባር ዋጋ የሚመዘነው በሚያስገኘው ጥቅም ሳይሆን ከግዴታ ስሜት በመነሣቱ ነው አለ።

ከዚህ በኋላ ፍልስፍና በሕግና በውጤት ላይ ሲያተኩር፣ የበጎ ምግባር ጥናት ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ተገፍቶ ቆየ። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ኤሊዛቤት አንስኮም እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣችው ጽሑፍና አላስዴር ማኪንታየር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት ግን ጥያቄው እንደገና ተነሣ። ማኪንታየር ያቀረበው ምሳሌ በተለይ መምህራንን የሚመለከት ነው። ቼዝ ለመጫወት ፍላጎት የሌለው ሕፃን ከረሜላ እየተሰጠው እንዲጫወት ቢደረግ፣ ለከረሜላው ብቻ እስከተጫወተ ድረስ ማታለል ከቻለ የማያታልልበት ምክንያት የለውም። የጨዋታውን የራሱን ውበት ከተረዳ በኋላ ግን ማታለል ተቃዋሚውን ሳይሆን ራሱን ማታለል መሆኑ ይገባዋል።

3. ወደ ኢትዮጵያ የገባው መልክ

የግሪክ የምግባር ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዘመናዊ ትምህርት ቤት በኩል ብቻ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት አንጋረ ፈላስፋ ለሶቅራጥስ፣ ለፕላቶና ለአሪስቶትል የተሰጡ ብዙ አባባሎችን ይዟል። የዐረብኛው ምንጭ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ከሁነይን ኢብን ኢስሐቅ ሥራ ጋር ይያያዛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር የነበሩት ክሎድ ሰምነር ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትመዋል። መጽሐፉ ታላቅ ቅርስ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ፈላስፎቹ የቀረቡት በአባባል ስለሆነ፣ አባባሉ ደርሶ ወደዚያ ያደረሰው ክርክር ቀርቷል። በጎ ምግባር በልምምድ እንዴት እንደሚገኝ የሚያስረዳው የአሪስቶትል ትምህርት በአባባል መልክ ሊተላለፍ የሚችል አልነበረም።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ከሰሜን ሸዋ የተነሡ ሁለት ደራስያን ጉዳዩን በአዲስ መልክ አቅርበውታል። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት ወዳጄ ልቤ የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጽ ድርሰት ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ጆን ቡንያን እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው የክርስቲያን ጉዞ ተጽዕኖ እንዳለበት የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ጠቁመዋል። የድርሰቱ ጥንካሬ ምግባርን ወደ ውስጥ መርምሮ ማሳየቱ ነው። ድካሙ ደግሞ በጎና እኩይ ምግባር የአንድ ሰው የልብ ትግል ሆነው ስለሚታዩ፣ በጋራ ሥራ የሚገነቡበት መንገድ እምብዛም አለመታየቱ ነው።

ክቡር ከበደ ሚካኤል ያዘጋጁት ታሪክና ምሳሌ በትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተነቧል፤ ብዙ ተማሪዎችም በቃላቸው ይዘውታል። ከኤዞፕና ከላ ፎንቴን ወገን የሆኑት ተረቶች የሰውን ጠባይ በእንስሳት ሥራ ያሳያሉ። ተረት አንድን ድርጊት ከነውጤቱ ስለሚያሳይ ከደረቅ ትርጓሜ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ምክሩ ተዘጋጅቶ በመጨረሻ ሲቀርብ የፍርዱን ሥራ የሚሠራው ደራሲው እንጂ ተማሪው አይደለም። አሪስቶትል ማስተዋል ያለው ኃይል ሳይሠራ ይቀራል ማለት ነው። እዚህ ላይ ከከበደ ሚካኤል ግጥሞች መካከል አዝማሪው ለወንዝ ሙላት የዘፈነበት ግጥም ሊታወስ ይገባል። የሚፈስ ውኃ ዘፈን ሰምቶ አይቆምም። ደራሲው የነቀፉት የማይሰማን ጆሮ ቢሆንም፣ ጥያቄው ወደ ዘፋኙም ሊዞር ይችላል፤ የግብረ ገብ መምህር ያለተግባር ምክርን ብቻ የሚደጋግም ከሆነ ከአዝማሪው በምን ይለያል?

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የተስፋፋው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት አሥራ አንድ እሴቶችን ይዞ ቀርቦ ነበር። እነዚህም ዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ የሀገር ፍቅር፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ራስን መቻል፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎና ዕውቀትን መሻት ናቸው። ዝርዝሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ፍትሕን፣ ታታሪነትንና ቁጠባን በአንድነት ማሰለፉ የሚመሰገን ነው። ችግሩ እሴቶቹ በየክፍሉ በትርጓሜ መልክ መደጋገማቸውና ተማሪው የሚመዘነው በአብዛኛው ትርጓሜውን በማስታወሱ መሆኑ ነው። ፍትሐዊ ያልሆነ ልጅ ስለ ፍትሕ በተሰጠ ፈተና ሙሉ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ሶቅራጥስ ያልተቃወመውን እንኳ አሪስቶትል የሚቃወመው እዚህ ላይ ነው።

የጉዳዩን ክብደት አንድ ሀገራዊ ሁኔታ ያሳያል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠው የፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ነበር። ከተፈታኞቹ መካከል ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የውጤቱ ማነስ ብዙ ምክንያቶች ስላሉት በምግባር ብቻ ሊተረጎም አይገባም። ፈተናን ለመጠበቅ ተማሪን ከትምህርት ቤቱ ማራቅ ማስፈለጉ ግን ትልቅ ምስክር ነው። እነዚያ ተማሪዎች ስለ ኃላፊነትና ዕውቀትን ስለ መሻት ለዓመታት ተምረው ነበር። በማኪንታየር ምሳሌ አነጋገር፣ ብዙዎቹ ስለ ከረሜላው እንጂ ስለ ጨዋታው አልተማሩም ነበር ለማለት ይቻላል።

4. በአረርቲ አካባቢ የሚታየው ልማድ

አረርቲ በሰሜን ሸዋ ዞን የምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር ደጋ በስተደቡብ በወይና ደጋው ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ አካባቢዋ በጤፍ፣ በሽምብራና በስንዴ ይታወቃል። የምንጃር ጤፍ በአዲስ አበባ ገበያ የራሱ ስም አለው። ስለዚህ የፈላስፎቹ ሐሳብ በማሳና በገበያ ምን እንደሚመስል ለማየት አካባቢው የሚመች ምሳሌ ነው።

ሂዩም ስለ ሁለት ጎረቤታም ገበሬዎች ጽፏል። የአንዱ እህል ዛሬ፣ የሌላው ነገ ለአጨዳ ይደርሳል። ቢረዳዱ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን መተማመን ስለሌላቸው እያንዳንዱ ብቻውን ሲደክም የሁለቱም አዝመራ ይጠፋል። ይህን ችግር የአማራ ገበሬ በወንፈል ፈትቶታል። ወንፈል ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ማሳ በተራ የሚሠራ የጉልበት ብድር ነው፤ የተወሰደው ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦ ደግሞ የተለየ ነው፤ ባለቤቱ ሰው ጠርቶ፣ አብልቶና አጠጥቶ የሚያሠራው ሲሆን፣ ጉልበት ላጣ ሰውም ይደረሳል፤ ቀንም እንደ ወንፈል አይቆጠርበትም። እንግዲህ ፈላስፎች ፍትሕና ለጋስነት ብለው በመጽሐፍ የለዩአቸውን ሁለት ምግባሮች ገበሬው በሁለት የሥራ ዓይነት ለይቷቸዋል ማለት ነው። ከአባቱ ጋር ወደ ወንፈል የሚወጣ ልጅ የፍትሕን ትርጓሜ ማንም አያስጠናውም። የስንት ቀን ጉልበት ብድር እንዳለባቸው ግን ያውቃል፤ የቀረ ሰው በሰፈሩ ምን እንደሚባልም ይሰማል።

ገበያው ሌላ መማሪያ ነው። ጤፍ እጅግ ደቃቅ እህል በመሆኑ አፈርና አሸዋ ቢቀላቀልበት በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ካንት ልምድ የሌለውን ገዢ፣ ሕፃንን እንኳ፣ በዋጋ የማያታልል ነጋዴን እንደ ምሳሌ አቅርቧል። ይህን የሚያደርገው ደንበኛ እንዳይሸሸው ከሆነ ሥራው ትክክል ነው፤ የምግባር ዋጋ ግን የለውም ይላል። በጤፍ ገበያ ሦስት ነጋዴዎችን ማሰብ ይቻላል። አንዱ አፈር ይቀላቅላል። ሁለተኛው የማይቀላቅለው ደንበኛና ተቆጣጣሪ ስለሚፈራ ነው። ሦስተኛው ማንም ሳያየው እንኳ አያደርገውም። የመጀመሪያው እኩይ መሆኑን ማንኛውም ተማሪ ይመልሳል። ጠቃሚው የክፍል ውይይት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መለየት ነው።

በዚህ ረገድ ካንትና አሪስቶትል አይስማሙም። ካንት ከፍላጎቱ ጋር ታግሎ ግዴታውን የሚፈጽመውን ሰው ያከብራል። ለአሪስቶትል ግን እንዲህ ያለው ሰው ራሱን የሚገታ እንጂ ገና ምግባሩ የጸና አይደለም፤ ምግባሩ የጸና ሰው መልካሙን የሚሠራው ደስ ብሎት ነው። ለመምህሩ ሁለቱም ያስፈልጉታል። የወደቀ እርሳስ አግኝቶ እያመነታ ለባለቤቱ የመለሰ ልጅ በካንት ሚዛን ሊከበር ይገባዋል፤ የትምህርቱ ግብ ግን ልጁ ሳያመነታ የሚመልስበት ደረጃ ላይ እንዲደርስ መርዳት ነው።

5. ልማድ ብቻውን ስለማይበቃ

ከላይ ከተጠቀሰው ተነሥቶ የአካባቢ ልማድ ሁሉ የበጎ ምግባር ምንጭ ነው ወደሚል መደምደሚያ መድረስ ስሕተት ይሆናል። በሸዋም ሆነ በሌላው የሀገሪቱ ክፍል ሸማኔን፣ ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭንና ቆዳ ፋቂን መናቅ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ልማድ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሙያ ያለውን ሰው መስደብን ከልክለዋል፤ አዋጅ ማስፈለጉ ልማዱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያስረዳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አነጋገርም እንደ ሌላው ምሳሌያዊ አነጋገር ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነው፤ የሚያስተምረው ግን እኩይ ምግባርን ነው።

የአሪስቶትል ራሱ ድካም እዚህ ላይ ይገለጣል። ባርነትን የተፈጥሮ ሥርዓት አድርጎ ተከላክሏል፤ የሴትን ማስተዋል ከወንድ አሳንሷል፤ በእጅ ሥራ የሚኖረውንም ሰው ከፍጹም ዜግነት አርቋል። የዘመኑ ልማድ ከፍልስፍናው በለጠበት ማለት ነው። ሰውን ሁሉ በሰውነቱ ብቻ እንዲያከብሩ የሚያዘው የካንት ሐሳብ አስፈላጊ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ልማድ ምግባርን ያበቅላል፤ የበቀለው ስንዴ ይሁን እንክርዳድ የሚለየው ግን በምክንያት መመርመር ነው። በመሆኑም ሶቅራጥስ ጠያቂነትን፣ አሪስቶትል ልምምድን፣ ካንት የሰውን ሁሉ እኩል ክብር ለትምህርት ቤት ያበረክታሉ።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው የሚከተሉት አሳቦች ይመነጫሉ።

ሀ/ ተረት ሲነበብ መምህሩ መደምደሚያውን ሳያነብ አቁሞ ተማሪዎቹ እንዲፈርዱ፣ ፍርዳቸውንም በምክንያት እንዲያስረዱ ቢያደርግ ይጠቅማል። የደራሲው ምክር ከዚያ በኋላ ተነብቦ ከልጆቹ ፍርድ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

ለ/ ትምህርት ቤት የራሱ ወንፈል ሊኖረው ይገባል። የአትክልት ቦታ ማጠጣት፣ የመጻሕፍት ቤት ቁልፍ መያዝ፣ የቀረን ተማሪ በትምህርት መርዳት በተራ የሚሠራና ሒሳቡ በልጆቹ ራሳቸው የሚጠበቅ ሊሆን ይችላል። ተራው ወንድና ሴት፣ የገበሬና የሸማኔ ልጅ ሳይለይ ሲደርስ ከአካባቢው ልማድ መልካሙን ይይዛል፤ ክፉውን ያርማል።

ሐ/ ግብረ ገብ የአንድ መምህር ክፍለ ጊዜ ብቻ ሊሆን አይችልም። በሰዓቱ የማይገባ መምህር ስለ ኃላፊነት፣ በዝምድና ውጤት የሚሰጥ መምህር ስለ ፍትሕ በተግባር የሚያስተምረው ሌላ ትምህርት ነው። የሒሳብ መምህሩ ፈተናን በቅንነት ሲያርም ግብረ ገብ እያስተማረ ነው።

መ/ ለምግባር ማርክ መስጠት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መልካም ሥራ ሁሉ በነጥብ የሚከፈልበት ከሆነ ነጥቡ ከረሜላ ይሆናል፤ ልጁም ሁለተኛውን ነጋዴ ሆኖ ያድጋል። ስለ ምግባር ያለው ዕውቀት በፈተና ሊመዘን ይችላል፤ ምግባሩ ግን በፈተና ወረቀት አይመዘንም።

የመጨረሻው አሳብ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። የልጁ ምግባር በማርክ የማይመዘን ከሆነ ዕቅድ አውጪው ትምህርቱ መሥራቱን በምን ያውቃል? ሊሆን የሚችለው መልስ መለኪያውን ከልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ማዞር ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ተማሪው ኃላፊነት የያዘበት፣ ተራ የጠበቀበት፣ አለመግባባትን በሽምግልና የፈታበት፣ ስሕተቱን ያለፍርሃት ያረመበት ስንት አጋጣሚ ተዘጋጅቶለታል? ይህ ሊቆጠርና በሱፐርቪዥን ሊታይ የሚችል ነው።

ለሜኖን ጥያቄ ሦስቱም መልሶች በከፊል እውነት ናቸው። ልጅ የሚማርበት ተፈጥሮ አለው፤ በትምህርት ምክንያቱን ይረዳል፤ በልምምድ ምግባሩ ይጸናል። እስካሁን በትምህርት ቤት ሰፊውን ቦታ የያዘው ሁለተኛው ነው። አዲሱ የግብረ ገብ ትምህርት ለሦስተኛው ቦታ ካልሰጠ በስም ተለውጦ በአሠራር የቀደመውን ይደግማል።